ኖታ ማንበብ የማይችለው የዜማ ደራሲ፦ ቻርሊ ቻፕሊን እና ከሳቁ ሥር ያሉት ዘፈኖች

የዛሬው ባለታሪካችን ማስተዋወቅ የማያስፈልገው ሰው ነው። ጠባብ ኮት፣ ሰፊ ሱሪ፣ ትልልቅ ጫማ፣ ቀጭን ከዘራ፣ ክብ ባርኔጣ፣ ከአፍንጫ ሥር ቁራጭ ጺም። አዎ፣ ቻርሊ ቻፕሊን ነው።

ስለ ቻርሊ ኮሜዲያንነት ስንሰማ ኖረናል። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ብዙዎቻችን ልብ ስላላልነው ቻርሊ ነው፤ ስለ ዜማ ደራሲው። ሰውየው ኖታ ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር። ሆኖም ለፊልሞቹ ማጀቢያ የሠራቸው ዜማዎች ከፊልሞቹ ወጥተው በዓለም ዙሪያ ተዘፍነዋል። አንዱ ኦስካር አስገኝቶለታል። ሌላው ደግሞ ከሞተ ከ31 ዓመት በኋላ በማይክል ጃክሰን የሽኝት ፕሮግራም ላይ ተዘፍኗል።

የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። የተሠሩት ለኮሜዲ ፊልም ሆኖ ሳለ፣ እስከዛሬ የሚታወሱት የቻርሊ ዜማዎች አያስቁም። እንዲያውም ሆድ ያባባሉ። ይሄ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሰውየው ሆነ ብሎ ያደረገው ነው። ለምን? ለዚህ ወደ ልጅነቱ መመለስ ያስፈልጋል። (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

◈ የእናት ድምፅ ሲሰበር

ቻርልስ ስፔንሰር ቻፕሊን ኤፕሪል 16 ቀን 1889 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱም እናቱም ዘፋኞች ነበሩ። አባቱ ልክ እንደሱ ቻርልስ ቻፕሊን ይባላል፤ የእንግሊዝ ሠራተኛ ማታ ማታ እየጠጣ በሚዝናናባቸው የሙዚቃ አዳራሾች ስም የነበረው ድምፃዊ ነው። እናቱ ሃና ደግሞ ሊሊ ሃርሊ በሚል የመድረክ ስም ትዘፍን ነበር። ትዳሩ ግን አልሰነበተም። አባት መጠጥ ውስጥ ገባ፣ ከቤቱም ራቀ። ሃና ቻርሊንና በአራት ዓመት የሚበልጠውን፣ በእናት ብቻ የሚገናኘውን ወንድሙን ሲድኒን ይዛ ቀረች።

የሃና ጉሮሮ ደካማ ነበር። ትንሽ ጉንፋን ሲይዛት ድምፅዋ ለሳምንታት ይጠፋል። ዘፋኝ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ እንጀራው ጠፋ ማለት ነው።

በ1894 የሆነው ነገር ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። ቻርሊ ራሱ በግለ ታሪኩ እንደተረከው፣ እናቱ ኦልደርሾት በምትባለው የወታደሮች ከተማ መድረክ ላይ እየዘፈነች ሳለ ድምፅዋ ድንገት ተሰበረ። ተመልካቹ ወታደር ነው፣ አይምርም። ሳቁ፣ አፌዙ፣ ጮሁ። ሃና ከመድረክ ወረደች። ግራ የገባው የመድረክ ኃላፊ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ የነበረውን የአምስት ዓመት ልጅ እጁን ይዞ አወጣውና ብቻውን ትቶት ተመለሰ።

ቻርሊ ዘመኑ የሚያውቀውን «ጃክ ጆንስ» የተባለ ዘፈን መዝፈን ጀመረ። ግማሽ ላይ ሳንቲም መድረኩን አዘነበው። ልጁ ዘፈኑን አቆመና መጀመሪያ ሳንቲሙን እንደሚለቅም፣ ከዚያ እንደሚዘፍን ለሕዝቡ አስታወቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የመድረኩ ኃላፊ መሐረብ ይዞ ሊያግዘው ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡን ሊወስድበት መስሎት ተከተለው። ሳቁ ባሰ። ተመልሶ ወጥቶ ጨፈረ፣ ዘፈነ፤ እናቱ የምትዘፍነውንም ዘፈን አስመስሎ ተጫወተ። ልጅ ነውና ያየውን ነው ያስመሰለው፤ የእናቱን ድምፅ መሰበር ጭምር! ሕዝቡ በሳቅ አለቀሰ።

እናላችሁ፣ የዓለማችን ትልቁ ኮሜዲያን የመጀመሪያ ሳቁን ያገኘው ከዘፈን ነው፤ ያውም የእናቱ እንጀራ በተቆረጠበት ምሽት። እንደ ቻርሊ አተራረክ ያ ምሽት ለሱ የመጀመሪያው፣ ለእናቱ ደግሞ የመጨረሻው መድረክ ሆነ። አበው ጥርስ ባዳ ነው የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

◈ ከድሆች መጠለያ እስከ 670 ሺህ ዶላር

ከዚያ በኋላ ኑሮ ቁልቁል ወረደ። ሃና ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ለማኖር ሞከረች፣ አልሆነም። ቻርሊ ሰባት ዓመቱ ላይ ከእናቱና ከወንድሙ ጋር ላምቤዝ በሚባለው የለንደን ሠፈር የድሆች መጠለያ ገባ። ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ተለይተው ሃንዌል ወደሚገኝ የድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። በ1898 ሃና አእምሮዋ ታወከና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። አባት በ1901 በመጠጥ ጠንቅ በ38 ዓመቱ ሞተ። በ1903 እናቱ እንደገና ሲያማት፣ እጇን ይዞ ወደ ሕክምና ያደረሳት የ14 ዓመቱ ቻርሊ ነው፤ ሲድኒ በሥራ ምክንያት ባሕር ላይ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል ቻርሊ የማይረሳው አንድ ምሽት ነበረው። ኬኒንግተን በሚባለው ሠፈር መስቀለኛ መንገድ ላይ አንዱ ክላርኔት፣ ሌላው ሃርሞኒየም የያዙ ሁለት የጎዳና ሙዚቀኞች ሲጫወቱ ሰማ። ሙዚቃ ውበት እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማኝ ያኔ ነው ሲል በኋላ ጽፏል። በባዶ ሆድ፣ በጨለማ መንገድ ላይ፣ ከሁለት ምስኪኖች የተሰማ ሙዚቃ። ይህቺን ነገር ያዟት፤ በኋላ ትመለሳለች።

ቻርሊ አሥር ዓመት ሳይሞላው በልጆች የጭፈራ ቡድን ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ ተዋናይ፣ በ1908 ደግሞ የታወቀው የፍሬድ ካርኖ የቀልድ ቡድን አባል ሆነ። ከካርኖ ጋር አሜሪካ ሄደ። እዚያው በ1913 መጨረሻ ኪስቶን የተባለው የፊልም ኩባንያ በሳምንት 150 ዶላር ቀጠረው። በ1914 መጀመሪያ ያንን ባርኔጣና ከዘራ ይዞ ብቅ አለ። ዓለም ያበደለት ጎዳና አዳሪ ተወለደ።

እድገቱ ሲያዩት ያዞራል። በ1915 ሌላ ኩባንያ በሳምንት 1,250 ዶላር ወሰደው። በ1916 ደግሞ ሚዩቹዋል ከተባለ ኩባንያ ጋር በዓመት 670,000 ዶላር ተፈራረመ። ገና 26 ዓመቱ ነበር። በ1919 ከሜሪ ፒክፎርድ፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ ጋር ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ከዚያ ወዲህ በፊልሞቹ ላይ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ገንዘብና ዝና ሲመጣ ግን ሙዚቃውን አልተወም። ከልጅነቱ ጀምሮ ቫዮሊንና ቼሎ በግሉ ይለማመድ ነበር። ግራኝ ስለነበር የቫዮሊኑን ክሮች አገላብጦ ነበር የሚያስረው። በ1916 በስሙ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ከፍቶ የራሱን ጥቂት ዘፈኖች አሳተመ። ገዢ ጠፋ። ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በምድር ላይ ስሙ የማይታወቅበት ሀገር የሌለው ሰው ዘፈኑን የሚገዛው አጣ!

◈ ድምፅ ሲመጣ ቻርሊ የፈለገው ንግግር አልነበረም

እዚህ ጋ ስለ ድምፅ አልባ ፊልሞች አንድ ነገር ልናስታውሳችሁ። ፊልሞቹ ድምፅ የላቸውም እንጂ አዳራሾቹ ዝም ያሉ አልነበሩም። ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ሙሉ ኦርኬስትራ ያስቀምጣሉ፣ ትንንሾቹ አንድ ፒያኖ ተጫዋች። ስለዚህ አንዱ ፊልም ኒውዮርክ ላይ በአንድ ሙዚቃ፣ ገጠር ከተማ ላይ በሌላ ሙዚቃ ይታያል። ፒያኖ ተጫዋቹ በጊዜው ያማረውን ይደቀድቃል። ፊልም ሠሪው በተመልካቹ ጆሮ ላይ ሥልጣን የለውም።

በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» ወጣና የሆሊዉድ ነገር ተገለበጠ። ሁሉም ወደ ንግግር ሮጠ። ቻርሊ ግን ጎዳና አዳሪው አፉን ከከፈተ ይሞታል ብሎ አመነ። እውነትም ነበረው። እስከዚያ ድረስ ቻይናዊውም፣ ሩሲያዊውም፣ ብራዚላዊውም የኛ ሰው ነው ብሎ ይስቅ ነበር። እንግሊዝኛ ከተናገረ እንግሊዛዊ ይሆናል፣ አለቀ።

ከአዲሱ ቴክኖሎጂ ቻርሊ የወደደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙዚቃ ፊልሙ ላይ ሊቀረጽ ይችላል! ከእንግዲህ የትም ሀገር፣ የትም ሲኒማ ቤት የሚሰማው እሱ የመረጠው ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ሌላው ለንግግር ማይክሮፎን ሲያስገባ፣ ቻርሊ ለዜማ ሲል አስገባ።

ውጤቱ ጃኑዋሪ 30 ቀን 1931 ሎስ አንጀለስ ላይ የተመረቀው «ሲቲ ላይትስ» ነው፤ የከተማ መብራቶች ማለት ነው። በምረቃው ምሽት ከጎኑ የተቀመጠው እንግዳ አልበርት አንስታይን ነበር። ፊልሙ ላይ ማንም ሰው አይናገርም። መጀመሪያው ላይ ሐውልት የሚመርቁት ባለሥልጣናት ንግግር ሲያደርጉ ከአፋቸው የሚወጣው የአሻንጉሊት መለከት የሚመስል ጩኸት ብቻ ነው። በንግግር ፊልሞች ላይ ያሾፈበት መንገድ መሆኑ ነው።

ሙዚቃውን እንዴት ሠራው? ኖታ አያውቅም ብለናል። ያንጎራጉራል፣ ፒያኖ ላይ በጥቂት ጣቶች ይነካካል፣ ቫዮሊኑን ያነሳል። ከጎኑ የተቀመጠው ባለሙያ እየሰማ ይጽፋል። ለ«ሲቲ ላይትስ» ይህን የሠራው አርተር ጆንስተን ነው፤ ኦርኬስትራውን የመራው ደግሞ አልፍሬድ ኒውማን።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሳው። የሙዚቃ ባለሙያዎቹ ፊልሙ አስቂኝ ስለሆነ ሙዚቃውም አስቂኝ ይሁን አሉ። ሰው ሲወድቅ ከበሮ ዱም፣ ሲሮጥ ፒፒፒ እንዲል። ቻርሊ እምቢ አለ። ሙዚቃው ከቀልዱ ጋር ፉክክር እንዲገጥም አልፈለገም። የተቀደደ ጫማ የለበሰው ሰው ሲንከራተት ከሥሩ የሚሰማው ሙዚቃ የከበረ፣ የሚያሳዝንና የሚያምር እንዲሆን ነው የፈለገው። ዓይን ምስኪኑን ሲያይ ጆሮ ደግሞ የምስኪኑን ልብ ይስማ ነው ነገሩ።

የኬኒንግተኑን መስቀለኛ መንገድ አስታወሳችሁ? እንደኛ አስተያየት ቻርሊ በትልቅ ኦርኬስትራ ደግሞ የሠራው ያንኑ ምሽት ነው። ኦልደርሾትንም አስታውሱ። ከሳቁ ጀርባ የተሰበረ ድምፅ እንዳለ ከማንም በላይ የሚያውቅ ልጅ፣ ሲያድግ በሙዚቃ አልቀለደም።

አንድ ነገር ግን መሸፈን የለበትም። በ«ሲቲ ላይትስ» ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ በመጣች ቁጥር የሚሰማው ዋና ዜማ የቻርሊ አይደለም። ስፔናዊው ሆሴ ፓዲያ የደረሰው «ላ ቪዮሌቴራ» ነው። ለፓዲያ ተገቢው እውቅና ስላልተሰጠው ፈረንሳይ ፍርድ ቤት ከሰሰና አሸነፈ። ያኔም ዛሬም የዜማ ባለቤትነት ቀልድ አይደለም። የተቀረው የፊልሙ ሙዚቃ አብዛኛው የቻርሊ ነው።

◈ ዓለም ድምፁን የሰማበት ቀን

ከዚያ ቻርሊ አምስት ዓመት ቆይቶ «ሞደርን ታይምስ»ን አመጣ፤ ዘመናዊው ዘመን። የተመረቀው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1936 ኒውዮርክ ላይ ነው። የፋብሪካ ማሽን የሚያሳብደው ሠራተኛ፣ ሥራ አጥነት፣ ረሃብ፣ ፖሊስ... እና ሳቅ።

ለሙዚቃው የተቀጠረው ዴቪድ ራክሲን የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ልጁ የተማረ ነው፣ አስተያየቱንም አይደብቅም። ይሄ ዜማ አይሆንም፣ ይሄ ይሻሻል ማለት ጀመረ። እሺ ባዮች የለመደው ቻርሊ በአንድ ሳምንት ተኩል ውስጥ አባረረው! አልፍሬድ ኒውማን ልጁ የጻፋቸውን ወረቀቶች አይቶ ይህን ልጅ ማጣት ጥፋት እንደሆነ ለቻርሊ ነገረው። ቻርሊም መለሰው። ራክሲን የተመለሰው ግን እንደ ጸሐፊ ዝም ብሎ ሊገለብጥ ሳይሆን ሊከራከር መሆኑን አሳውቆ ነው። ከአራት ወር በላይ እየተከራከሩ አብረው ሠሩ። ስሙም ከኤድዋርድ ፓወል ጋር በአቀናባሪነት ፊልሙ ላይ ሰፈረ። ኋላ ራክሲን ራሱ የሆሊዉድ ትልቅ የሙዚቃ ሰው ሆኗል።

ሁሉም ግን በሰላም አላለቀም። ቀረጻው ሊያልቅ ሲል ቻርሊ የደከሙትን ሙዚቀኞች ሰነፎች አድርጎ ተናገረ። ኒውማን ተናደደና ጥሎ ወጣ። ሥራውን ሌሎች ጨረሱት። ቻርሊ አብሮ ለመሥራት የሚከብድ ሰው እንደነበር ምስክሩ ብዙ ነው።

በዚህ ፊልም ላይ ዓለም ለ22 ዓመት ሲጠብቀው የነበረው ነገር ሆነ። ጎዳና አዳሪው ድምፁን አሰማ። ሲናገር ግን አይደለም፣ ሲዘፍን! ታሪኩ እንዲህ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ በአስተናጋጅነት ተቀጥሮ እንዲዘፍን ታዘዘ። ግጥሙ አልያዝ ስላለው ጓደኛው እጅጌው ጫፍ ላይ ጻፈችለት። መድረክ ላይ ወጥቶ እጁን ሲዘረጋ እጅጌው ተስፈንጥሮ ጠፋ። ልጅቷ ቃሉን ተወውና ዝም ብለህ ዝፈን በሚል ምልክት ሰጠችው። እሱም ፈረንሳይኛ የሚመስል፣ ጣሊያንኛ የሚመስል፣ ምንም ትርጉም የሌለው ቃል እየደረደረ ዘፈነ። ዜማው ሊዮ ዳኒዴርፍ የተባለ ፈረንሳዊ የደረሰው «ቲቲን» የተባለ ዘፈን ነው። ቃሉ አይገባም፣ እጁና ዓይኑ ግን ሁሉን ይናገራሉ። ሁሉም ሀገር ገባው!

ልብ በሉ፣ መድረክ ላይ ድምፅ ከዳት ተብላ የተሳቀባት እናት ልጅ፣ መድረክ ላይ ቃል ጠፍቶበት አሸንፎ ወጣ። ሃና ግን ይህን አላየችም። በ1921 ልጆቿ ወደ ካሊፎርኒያ ወስደው በእንክብካቤ አኑረዋት ነበር፤ በ1928 አርፋለች። ልጇ ለፊልም የሠራውን አንድም ዜማ ሳትሰማ።

የፊልሙ መጨረሻ ደግሞ አለ። ማለዳ ነው። ሁለቱ ምስኪኖች መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ታለቅሳለች። እሱ በእጁ ከንፈሩን እያሳየ ፈገግ በይ ይላታል። ተነስተው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ረጅሙን መንገድ ይጀምራሉ። ከሥር የሚሰማው ዜማ ነው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1954 ጆን ተርነርና ጂኦፍሪ ፓርሰንስ ግጥም አውጥተውለት «ስማይል» የተባለው። ናት ኪንግ ኮል በዚያው ዓመት ዘፈነው። ከዚያ ወዲህ ያልዘፈነው የለም። ማይክል ጃክሰን በ1995 አልበሙ ላይ አካተተው። በ2009 ሲሞት ሽኝቱ ላይ ወንድሙ ጀርሜይን ይህንኑ ዘፈነ። በስታዲየሙ ከነበሩት ምን ያህሉ ከኮሜዲ ፊልም የወጣ መሆኑን ያውቁ ይሆን?

◈ ሙሶሎኒ ላይ የተሳቀው ሳቅ

«ሞደርን ታይምስ» ኒውዮርክ ላይ ሲመረቅ እኛ ሀገር የጣሊያን ወረራ በተፋፋመበት ወር ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በኦክቶበር 1940 የወጣው «ዘ ግሬት ዲክቴተር» ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የተለየ ትርጉም አለው። ቻርሊ ሂትለርን የሚመስል አምባገነን ሆኖ ሲተውን፣ ጃክ ኦኪ ቤንዚኖ ናፓሎኒ የተባለ ሌላ አምባገነን ሆኗል። ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ ሙሶሎኒ ነው። ሁለቱ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማን ከፍ ይበል እያሉ ወንበራቸውን ወደ ላይ ሲያሾሩ ማየት ነው! አዲስ አበባ ገና በፋሺስት እጅ በነበረችበት ሰዓት ዓለም በወራሪው ላይ እንዲህ ይስቅ ነበር። ነፃነት የተመለሰው በሜይ 1941 ነው።

ሙዚቃውስ? በዚህኛው ፊልም ቻርሊ የትልልቆቹን ሥራ ነው የተጠቀመው። አይሁዳዊው ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን በብራምስ «ሀንጋሪያን ዳንስ ቁጥር 5» ምት ልክ ይላጫል። ምላጩ ከሙዚቃው ጋር አንድም አይዛነፍም። አምባገነኑ ደግሞ ዓለምን በሚያክል ፊኛ ሲጫወት የሚሰማው ሂትለር አብዝቶ ከሚወደው ከዋግነር ነው፤ የ«ሎኸንግሪን» መግቢያ። ፊኛው ፊቱ ላይ ይፈነዳል። ያው የዋግነር ሙዚቃ ግን ፊልሙ ሲያልቅ፣ ፀጉር አስተካካዩ ስለ ሰው ልጅ ወንድማማችነት ከተናገረ በኋላ፣ በተስፋ ቃና እንደገና ይሰማል። ሂትለር የኔ ያለውን ሙዚቃ ቻርሊ ነጥቆ ለተጨቆኑት ሰጠ ማለት ይቻላል።

◈ ስደት፣ እና ሃያ ዓመት የዘገየ ሽልማት

ቻርሊ አሜሪካ ውስጥ አርባ ዓመት ያህል ኖሮ ዜግነት አልወሰደም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኮሚኒስት ፍርሃት ሀገሩን ሲያምሰው ዓይን ውስጥ ገባ። በትዳሩና በሴቶች ጉዳይም ጋዜጦች አልለቀቁትም። በሴፕቴምበር 1952 አዲሱን ፊልሙን «ላይምላይት»ን ለማስመረቅ ከባለቤቱ ከኡና ኦኒልና ከልጆቹ ጋር በመርከብ ወደ ለንደን ተሳፈረ። መርከቡ ገና ባሕር ላይ እያለ የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበት። እሱም አልለመነም። ስዊዘርላንድ፣ ቬቬይ አጠገብ ኮርሲየር የምትባል መንደር ቤት ገዝቶ ኑሮውን እዚያው አደረገ።

«ላይምላይት» ስለ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሕዝብ መሳቅ ስላቆመለት ሽማግሌ ኮሜዲያን ነው፤ ቦታው ለንደን፣ የወላጆቹ የሙዚቃ አዳራሾች ዓለም። የፊልሙ ዋና ዜማ በ1953 በብዙ ሀገር ተወደደ፤ ግጥም ተጨምሮለትም «ኢተርናሊ» ተባለ። ሰውየው ይገባበት ዘንድ በተከለከለው ሀገር ዜማው ያለ ፓስፖርት ይገባ ነበር። ፊልሙ ግን በተቃውሞ ምክንያት ብዙ ሲኒማ ቤቶች አላሳዩትም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለሕዝብ ሳይታይ ሃያ ዓመት አለፈ።

ይሄ በደል ነው ኋላ ላይ የሠራለት። በጊዜው በነበረው የኦስካር ደንብ አንድ ፊልም ለውድድር የሚቀርበው ሎስ አንጀለስ ላይ ሲታይ ነበር። በ1972 አሜሪካ ይቅርታ የሚመስል ነገር አድርጋ ጠራችው። የክብር ኦስካር ሲሰጠው አዳራሹ ቆሞ ለረጅም ደቂቃዎች አጨበጨበ። በዚያው ዓመት «ላይምላይት» ሎስ አንጀለስ ላይ ታየ። እናም በ1973 ለሃያ ዓመት አሮጌ ፊልም የምርጥ ማጀቢያ ሙዚቃ ኦስካር ተሸለመ። አብረውት የተሸለሙት ሬይመንድ ራሽና ላሪ ራስል ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም።

አሁን ይህን አስቡት። ቻርሊ ቻፕሊን በሕይወቱ ሦስት ኦስካር አግኝቷል። ሁለቱ የክብር ናቸው። ተወዳድሮ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በትወና አይደለም፣ በዝግጅት አይደለም። በሙዚቃ ነው! ኖታ የማያነበው ሰው፣ በ1916 ዘፈኑን የሚገዛው ያጣው ሰው።

◈ ሽማግሌው ሲያንጎራጉር

በስዊዘርላንዱ ቤት የቻርሊ የእርጅና ሥራ በአብዛኛው ሙዚቃ ነበር። ኤሪክ ጄምስ የተባለ እንግሊዛዊ ፒያኖ ተጫዋች ከጎኑ ይቀመጣል፤ ቻርሊ ያንጎራጉራል፣ ጄምስ ይጽፋል። በ1967 የመጨረሻ ፊልሙን «ኤ ካውንተስ ፍሮም ሆንግ ኮንግ»ን ሠራ። ማርሎን ብራንዶና ሶፊያ ሎረን የተወኑበት ኮሜዲ ነው። ፊልሙ ወደቀ፣ ተቺዎችም አልማሩትም። ከውስጡ የወጣውን «ዲስ ኢዝ ማይ ሶንግ» ግን ፔቱላ ክላርክ ዘፍናው በእንግሊዝ የአንደኝነቱን ደረጃ ያዘ። ፊልም ሲወድቅ ዘፈን የቆመበት ጊዜ ነው።

ከዚያ ወደ አሮጌ ድምፅ አልባ ፊልሞቹ ተመለሰ። አንድ በአንድ እያነሳ ሙዚቃ ሠራላቸው። በ1928 ለወጣው «ዘ ሰርከስ» አዲስ መግቢያ ዘፈን ደረሰ። ሌላ ዘፋኝ ቀርጾት ነበር። በመጨረሻ ግን ራሱ ቻርሊ እንዲዘፍነው ተወሰነ። 80 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ፊልሙን ዛሬ ስትከፍቱ ሰርከስ ውስጥ ዥዋዥዌ የምትጫወት ልጅ ታያላችሁ፤ ከላይ የሚሰማው የሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ድምፅ የሱ ነው። የተለማመደ ድምፅ አይደለም፣ ጠንካራም አይደለም። ሃና በሞተችበት ዓመት በወጣ ፊልም ላይ፣ ልጇ በደካማ ድምፁ ዘፈነ። በዚህኛው ጊዜ ግን የሳቀ ወታደር የለም።

የመጨረሻ ሥራው በ1976 ለ«ኤ ውማን ኦፍ ፓሪስ» የሠራው ሙዚቃ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1977 በፈረንጆች ገና ዕለት፣ በ88 ዓመቱ ቤቱ ውስጥ አረፈ።

◈ ለእናንተ የቤት ሥራ

ታዲያ ዜማዎቹ የማን ናቸው? ይህ ጥያቄ እስከዛሬ ይነሳል። ያለ ጆንስተን፣ ያለ ራክሲን፣ ያለ ጄምስ አንዱም ወረቀት ላይ አይሰፍርም ነበር፤ ስማቸው ሊጠራ ይገባል። ግን አብረውት የሠሩት ሰዎች ተለያይተዋል፣ ተቀያይረዋል። ከ«ሲቲ ላይትስ» እስከ «ላይምላይት» የሚሰማው ልብ ግን አንድ ነው። ያ ልብ የቻርሊ ነው።

ዛሬ ማታ ጊዜ ካላችሁ ይህን ሞክሩ። የ«ሞደርን ታይምስ»ን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ክፈቱና መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ከዚያ ድምፁን ከፍታችሁ ድገሙት። ያው ምስል ነው፣ ያው ሁለት ሰው ነው፣ ያው መንገድ ነው። ልዩነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልን።

መልካም ምሽት!